መዶሻው ይቆይ፣ መጀመሪያ መቼ እንደሚረጥብ እዩ

ግድግዳ ሲረጥብ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ከየት ነው?» እኔ ግን ጥያቄው ይቀየር ባይ ነኝ። መጀመሪያ «መቼ?» በሉ።

ውሃ ከቀዳዳው ስር ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም። በድንጋይ መሀል ይሄዳል፣ የቧንቧውን ጀርባ ይዞ ይወርዳል፣ ሶሌታ (የኮንክሪቱ ወለል) ላይ ይሰነብትና ከሌላ ክፍል ብቅ ይላል። እርጥቡን ቦታ አይቶ እዚያው መቆፈር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሰዓቱ ግን ብዙም አያሳስትም።

ጎንደር ለምንኖር ደግሞ ሰዓቱን ማወቅ ከሌላው ሰው ይልቅ ይቀለናል። ምክንያቱም የውሃ ፈረቃ አለን፤ ውሃ የሚመጣልን በየተራችን ነው። አንገረብ ግድብ ይህችን ከተማ ብዙ ዓመት አጠጥቷል። ከተማዋ አደገች፣ ግድቡ ደለል ያዘ፣ እኛም ፈረቃ ለመድን። ስንረግመው የምንውለው ይህ ፈረቃ ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል፤ የሚያፈሰው ቧንቧ የትኛው እንደሆነ ለመለየት።

እንዴት መሰላችሁ፣ ሮቶ ያለው ቤት ሁለት ዓይነት መስመር አለው። አንደኛው ከመንገድ ተነስቶ በቆጣሪ አልፎ ሮቶ ላይ የሚወጣው ነው። ኃይለኛ ግፊት አለው፣ ግን ውሃ የሚኖረው በፈረቃችሁ ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ከሮቶው ወርዶ ወደ ኩሽናና ወደ ሻወር የሚሄደው ነው። እሱ ሁልጊዜ ውሃ አለበት፣ ግፊቱ ግን ደካማ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። የእኛ ሮቶዎች ከሻወሩ በላይ ስንት ሜትር ናቸው? ሦስት ቢሆን ነው። ስለዚህ እርጥበቱ ውሃ በመጣ ማግስት ደምቆ ከዚያ እየደበዘዘ ከሄደ፣ ጥርጣሬያችሁ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። ሳይጨምር ሳይቀንስ በየቀኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለተኛው ላይ። ሰው ከታጠበ በኋላ ብቻ ከሆነ ፍሳሹ ላይ። ዝናብ ሲጥል ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ላይ።

የእኛ ቤት ጉድ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ለጥምቀት እንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ከደባርቅም ከባሕር ዳርም። (የፋሲል መዋኛ በቀሃ ውሃ ጢም ብሎ ሞልቶ የእኛ ሮቶ ባዶ ሲሆን እማዬ «እዚያው ሄዳችሁ ተጠመቁ፣ እዚህ ማን ያጥባችኋል» ብላ ሁሉንም አስቃለች።) እንግዶቹ ሳይሄዱ የእማዬ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከታች ጠቆረ። ከግድግዳው ወዲያ ባኞ ቤቱ አለ። መዳፍ የምታህል ነበረች፣ ቀስ እያለች ወደ ጎን ሰፋች፣ ቀለሙ አበጠና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ።

አስተያየት ሰጪ መቼ ጠፍቶ። ታላቅ ወንድሜ «ጣሪያው ነው፣ ቆርቆሮው አርጅቷል» አለ። ጥር ላይ! ክረምቱ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ ሰማዩ ጠብታ የለውም። ይህን ለመመለስ መሰላል መውጣት አያስፈልግም፣ የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል።

በእርግጥ ሐምሌና ነሐሴ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጣሪያው ነበር። ስለዚህ እግረ መንገዴን ልናገር። ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው፤ ከሚስማሩ ስር ያለችው ጎሚኒ በፀሐይ ደርቃ ትሰነጠቃለች። ሌላው አሸንዳው ነው። ቅጠልና አፈር ሲደፍነው ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና በግድግዳው አናት ይገባል። ኮርኒስ ላይ የምታዩት ቡኒ ክብ ደግሞ ከቀዳዳው ትክክል በታች ላይሆን ይችላል፣ ውሃው የጣሪያውን እንጨት ይዞ ተንሸራቶ ነው የሚመጣው። ኮርኒስ ውስጥ በባትሪ ገብታችሁ ከእርጥቡ ተነስታችሁ ወደ ላይ ወደ ላይ ተከተሉት። በበጋ መሞከር ከፈለጋችሁ አንድ ሰው ከላይ በባሊ ቀስ አድርጎ ያፍስስ፣ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ላይ ይውጣ፣ ሌላው ከውስጥ ይይ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥብና ምንም አትለዩም።

እማዬ ደግሞ ሻወሩን ወነጀለች። «ያን ሁሉ ሰው ሲታጠብበት ሰነበተ እኮ።» ይሄኛው ትንሽ ሚዛን ይደፋል። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛም በዚህ ተስማማ። ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይሄ የሻወሩ ሴራሚክ መነሳት አለበት» አለ። መሮውንና መዶሻውን ከቦርሳው ሊያወጣ ሲል «ቆይ ወንድሜ፣ ቡና እስኪፈላ ተቀመጥ» ብዬ አስቀመጥኩት። ሴራሚክ ማንሳት ቀላል ነው። ያንኑ ቀለም ያንኑ መጠን ሴራሚክ ፒያሳ ዞሮ ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የሻወርን ወለል ሳይሰብሩ መፈተን ይቻላል። ወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ አፍ በጨርቅና በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ ድፈኑት። ሁለት ጣት ያህል ውሃ አቁሙ። ውሃው የደረሰበትን ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። ከቀነሰ ወለሉ ያስገባል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሴራሚኮቹ መሀል ያለው ሙሊት ተሰንጥቆ ነው። ካልቀነሰ ድፍኑን አንሱና ውሃው በፍሳሹ ይሂድ። ከዚያ በኋላ እርጥበቱ ከሰፋ ችግሩ የፍሳሽ ቧንቧው ላይ ነው። የእኛው ንቅንቅ አላለም። ፍሳሹንም ለቀን አየነው፣ ምንም። ደግሞስ እንግዶቹ ሄደው እኛም ውሃ ቆጥበን በጣሳ መታጠብ ከጀመርን በኋላ ግድግዳው መች ተወ? እንዲያውም ባሰበት።

ከዚያ ሽንት ቤቱ። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ይሄ ነው፣ ድምፅም የለው፣ ወለልም አያረጥብ። ከኋላ ካለው ማጠራቀሚያ ወደ መቀመጫው ቀኑን ሙሉ ቀጭን ውሃ ይወርዳል፣ ሮቶው ያልቃል፣ ማን እንደጨረሰው እንጣላለን። መፈተኛው ቀላል ነው። የቀይ ስር ቅቅል ውሃ ወይም የወፈረ ሻይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይለቀው አስጠንቅቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ ካለ ከታች ያለችው ጎሚኒ አልዘጋ ብላለች ማለት ነው፤ የምትቀየረው በጥቂት ብር ነው። የእኛ ነጭ እንደሆነ ቀረ። እማዬ ግን «ቀይ ስሬን ምን አደረጋችሁት» ብላ ተቆጥታለች።

ላቫንዲኖ ስር ላሉት መጋጠሚያዎች ደረቅ ሶፍት ጠቅልላችሁ እደሩ። እጅ የማይሰማውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል።

አሁን ከሮቶ በታች ያለውን መስመር እንፈትን። ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ፈረቃ ባልሆነበት ቀን፣ የሮቶውን ክዳን ከፍታችሁ በቀጥ ያለ እንጨት የውሃውን ጥልቀት ለኩ። ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ድገሙት። አፉ ሳይሆን ሆዱ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ሮቶ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ ወደ 10 ሊትር ነው። ስለዚህ ለዓይን ምንም የማይመስል ልዩነት ግማሽ ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ፓምፕ ካለው ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ማንም ምንም ሳይከፍት ሌሊት ፓምፑ በየመሀሉ ብልጭ እያለ ከተነሳ፣ አንድ ቦታ ግፊት እያመለጠ ነው።

የእኛ እንጨት ማታም ጠዋትም አንድ ቦታ ረጠበች።

ስለዚህ የቀረው ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው ነው። እዚህ ላይ ነው ፈረቃው ሥራውን የሠራው። የቧንቧ ሠራተኛውን ቡና አጠጥቼ «ውሃ የሚመጣ ቀን ተመለስ» ብዬ ሸኘሁት። ትንሽ ከፍቶት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በየመሀሉ ግድግዳው ላይ የእርጥቡን ጠርዝ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ከጎኑም ቀኑን ጻፍኩ። ውሃ ባልመጣባቸው ቀናት መስመሩን አላለፈም። ውሃ በመጣ ማግስት ጠዋት ግን ሁለት ጣት ያህል አልፎት አደረ። ከዚህ በላይ ምን ይናገር?

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ሊምታታ ስለሚችል ተጠንቀቁ። ፈረቃ ሲደርስ ብቻ የሚያረጥበው ቧንቧው ላይሆን ይችላል። ሮቶው ሞልቶ መዝጋት ያለበት ተንሳፋፊ ኳስ ካልዘጋ፣ ትርፉ ውሃ በመውጫው ወርዶ ግድግዳ ላይ ይፈሳል። ሌሊት ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ጠዋት ውጪው ይደርቃል፣ ውስጡ ይቀራል። እኔ ውሃ በመጣበት ሌሊት ባትሪ ይዤ ወጥቼ አየሁ። ትርፍ መውጫው ደረቅ ነው። ኳሱም በደንብ ዘግቷል።

ቀጥሎ ቆጣሪው። ቆጣሪ ላይ ቁጥሮቹን ብቻ አትዩ። ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም ኮከብ የምትመስል ነገር አለች። ቀጭን ውሃ ሲያልፍ እንኳ ትዞራለች። ሮቶው ሞልቶ ኳሱ ከዘጋ፣ ከቆጣሪው የተጠለፈ የግቢ ቧንቧም ካለ እሱም ከተዘጋ፣ ያቺ ነገር መቆም አለባት። የእኛዋ ቀስ እያለች፣ አንዳንዴ የቆመች እየመሰለች፣ ትዞራለች። አንድ ማሳሰቢያ፦ ውሃው ገና ሊመጣ ሲል መስመሩ ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ቧንቧው ሲያንኮራፋ የምንሰማው ያንን ነው። ስለዚህ ውሃው መጥቶ እስኪረጋጋ ጠብቁ እንጂ በአየር ተደናግጣችሁ ቤት እንዳታፈርሱ።

ቦታውን ያገኘነው በጆሮ ነው። ሠራተኛው፣ አሁን ኩርፊያው ለቆታል፣ ረጅም ካቻቪቴ አወጣ። ጫፉን ግድግዳው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከቆጣሪው ጀምሮ የቧንቧውን መስመር ተከትሎ ሄደ። ከውጪ በኩል፣ ቧንቧው ከመሬት ወጥቶ ወደ ሮቶው ከሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ቆመና ካቻቪቴውን ለእኔ ሰጠኝ። እስስስ የሚል ነገር ይሰማል፣ ቅቤ ምጣድ ላይ እንዳረፈ። ከሻወሩ ሦስት እርምጃ ይርቃል።

ልስኑን በመዳፍ ስፋት ብቻ ነው ያነሳው። ከስር የወጣው የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ኤልቦ ነው፣ መታጠፊያው። አካሉ ደህና ነው። ጥርሱ የገባበት ጠርዝ ግን በዝገት አብጧል፣ ቡኒና ጥቁር ሆኗል፣ በጥፍር ሲፋቅ ይረግፋል። ከዚያች ጠርዝ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ወደ ጎን ይረጫል። ወደ ውጪ ቢረጭ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እናየው ነበር። የሚረጨው ወደ ድንጋዩ መገጣጠሚያ ነው፣ በዚያ ገብቶ በድንጋዮቹ መሀል ተጉዞ እማዬ ራስጌ ይወጣል።

ለምን እዚያ? ጋልቫናይዝድ ቧንቧን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ነው። ጥርስ ሲወጣለት ዚንኩ ይቆረጣል፣ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ መጋጠሚያው ቀድሞ ይበላል። ፈረቃው ደግሞ ያባብሰዋል። ቧንቧው አንድ ቀን ውሃ፣ በሌላው ቀን አየር ሲሞላው ዝገቱ ይፋጠናል፣ ውሃው በድንገት ሲመጣም መጋጠሚያውን ይመታዋል። አሮጌ ጋልቫናይዝድ ያለበት ቤት ካላችሁ ከመሀል ሳይሆን ከመታጠፊያዎቹ ጀምራችሁ ተመልከቱ። በፒፒአር፣ ማለትም በፕላስቲክ ቧንቧ፣ መቀየር ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው፣ እሱ አይዝግም። ግን በሙቀት የሚበየድ ስለሆነ የበያጁ እጅ ይወስነዋል። ፀሐይ ላይ ተጋልጦ እንዲቀርም አትተዉት።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ፣ እኔን ከግድግዳው ይልቅ ያሳሰበኝም ይሄ ነው። ግፊት ሲኖር ውሃው በቀዳዳው ይወጣል። ግፊቱ ሲጠፋና ቧንቧው ባዶ ሲሆን ደግሞ በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቀዳዳው መሬት ውስጥ፣ ከፍሳሽ መስመር አጠገብ ከሆነ አስቡት። ፈረቃ ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ የሚደፈርስባችሁ፣ የሚሸታችሁ ከሆነ እሱን ድፉትና የምትጠጡትን አፍሉ፣ ቀዳዳውንም ቶሎ ፈልጉ። ቀዳዳው ከቆጣሪው ወዲያ፣ መንገድ ላይ ከሆነ ለውሃ አገልግሎት ማመልከት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ዕዳ ነው፣ የፈሰሰውም እየተቆጠረ ነው። የብዙ ከተሞቻችን ታሪፍ በእርከን ስለሆነ ፍጆታ ሲጨምር የሜትር ኩቡ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ሒሳብ ሲመጣም ይሠራል።

ቧንቧም ጣሪያም ያልሆነ እርጥበትም አለ። ፒያሳ አካባቢና አሮጌ ድንጋይ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ያውቁታል። ከመሬት ይነሳና በግድግዳው ውስጥ እየተመጠጠ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ የግድግዳውን ርዝመት ሁሉ ይይዛል፣ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይተዋል። የቧንቧ እርጥበት ግን መሀሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው የደበዘዘ ነው። ለመለየት ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች ለጥፉና ሁለት ቀን ተዉት። ጤዛው ከፌስታሉ ስር ከሆነ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከላይ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው፣ መስኮት ክፈቱ።

እንዲህ ያለውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሲሚንቶው ያፍነዋል፣ ውሃው ከፍ ብሎ ይወጣል። ኖራ ይሻላል፣ ያስተነፍሳል። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው፣ ጣሊያኖች በሲሚንቶ የጠገኑትም ኋላ ላይ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። እኛ ቤት ላይ ለምን እንደምንጨክን አላውቅም።

አንድ ነገር ሳልዘነጋ። እርጥቡ አጠገብ ሶኬት ካለ ከሁሉም በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ካቻቪቴ ይዞ ግድግዳ ማድመጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሠራተኛው ኤልቦውን ቀየረ፣ በቴፍሎን አጥብቆ አሠረ፣ ልስኑን ግን ወዲያው እንዳይመልስ ከለከልኩት። የሚቀጥለው ፈረቃ እስኪያልፍ ክፍት ቆየ። ቆጣሪውን አየነው፣ ያቺ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቆማለች። ከዚያም ቧንቧው በየት በየት እንደሚያልፍ ከማዕዘኑ ያለውን ርቀት በሜትር እየለካሁ ፎቶ አነሳሁ፤ ይህን ቤት የሠራው ሰው ይህን ቢያደርግ ኖሮ የካቻቪቴው ሥራ ግማሹ ይቀር ነበር። ወደ ሮቶው ከሚወጣው ቧንቧ እግር ላይም አንድ ቫልቭ አስጨመርኩ፣ ወደፊት ሲጠረጠር ኳሱን ማመን ሳያስፈልግ ዘግቶ ቆጣሪ ለማየት።

ግድግዳው ገና አልደረቀም፣ የድንጋይ ግድግዳ ሳምንታት ይፈልጋል። አልጋውን ሳብ አድርገን መስኮቱን ከፍተን እንውላለን። እማዬ ለፋሲካ ቀለም ይቀባልኝ ብላለች። እንግዲህ ልስኑ ከደረቀላት።